ለትንሽ ግቢ የሚሆን፣ ብዙ የማያስቸግር ጽጌረዳ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጀማሪዋ (ለገጣፎ)

ሰላም የግቢ ወዳጆች። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ተርታ ቤት ስለሆነ ግቢ የምለው ከበሩ እስከ በረንዳው ያለችውን ነው፤ መኪናዋ ስትቆም የሚተርፈኝ ሁለት በሦስት ሜትር ቢሆን ነው። እዚያች ላይ ጽጌረዳ እፈልጋለሁ። አበባ ቤት የሚሸጠውን ባለ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ አንድ ሹል እምቡጥ ያለውን ማለቴ ግን አይደለም። ቁጥቋጦ ሆኖ ከታች ጀምሮ የሚያብብ፣ አበባው ድርብርብና ክብ ያለ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ ገና በሩን ስከፍት የሚሸተኝ። ሮማንቲክ የሚሉት ዓይነት። ባሌ ይህን ስል ይስቅብኛል፣ እናንተ አትሳቁ።

ችግሩ ጊዜ የለኝም። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ ማታ አንድ ሰዓት እገባለሁ። ውሃ በፈረቃ ነው። በየሳምንቱ መድኃኒት መርጨት አልችልም፣ ብችልም ልጆቼ ግቢው ውስጥ ስለሚጫወቱ አልፈልግም። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ክረምት ጫማ ይውጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል።

መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች አንዱን ጠይቄው "ሁሉም ጽጌረዳ አንድ ነው፣ ቀለም ብቻ ምረጪ" አለኝ። እውነት ነው? የትኛውን፣ የት ጋ፣ መቼ ልትከል? አሁን ግንቦት ነው። ዝናቡን ተከትዬ ሰኔ ላይ ብተክለው ጥሩ አይደለም ወይ?

ቅጠል ቆጣሪ (ሆለታ)

ኧረ አንድ አይደለም! እኔ አበባ እርሻ ውስጥ ነው የሠራሁት፣ ስለዚህ ከዚያው ልጀምር። ለገበያ የሚቆረጠው ጽጌረዳ ዘንጉ እንዲረዝም፣ እምቡጡ አውሮፓ እስኪደርስ ቶሎ እንዳይፈነዳ፣ በቀዝቃዛ መጋዘንና በአውሮፕላን እንዳይጎዳ ተብሎ የተመረጠ ነው። ሽታ ብዙም አይታሰብበትም፣ ለዚህ ነው አብዛኛው ወደ አፍንጫሽ ብታስጠጊው ምንም የማይልሽ። ኑሮውም ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው። ዝናብ ቅጠሉን አይነካውም፣ ውሃና ማዳበሪያ በቀጭን ቱቦ ሥሩ ድረስ ይመጣለታል፣ የሚረጭለት ሰው ደሞዝ ይከፈለዋል። አንዳንዴ ከእርሻ የወጣ አሮጌ ተክል በርካሽ ይሸጣል። ይህን ተክል ሐምሌ ላይ ደጅ አቁመሽ "አትርጪኝ" እንዲልሽ መጠበቅ አይሆንም።

ምክንያቱን ካወቅሽ መምረጥ ይቀልሻል። ጽጌረዳን እዚህ አካባቢ ክረምት ላይ ራቁቱን የሚያስቀረው ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ከታች ጀምሮ ይረግፋል። ፈንገሱ ቅጠል ላይ አርፎ እንዲይዝ ቅጠሉ ሰባት ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ቅጠል ቀኑን ሙሉ የማይደርቅበት ጊዜ ሞልቷል። ስለዚህ "ብዙ የማያስቸግር" ማለት እኛ ጋ አንድ ነገር ነው፦ ሳይረጭ ክረምቱን ቅጠሉን ይዞ የሚወጣ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ሮማንቲኩ። አንቺ የምትይውን መልክ በዓለም ያስፋፋው እንግሊዛዊው ዴቪድ ኦስቲን ነው። የድሮዎቹን የአውሮፓ ጽጌረዳዎች መልክና ሽታ፣ ከዘመናዊዎቹ ደጋግሞ የማበብ ጠባይ ጋር ለማገናኘት ዕድሜውን ሙሉ ሲያዳቅል ኖረ። የመጀመሪያው ኮንስታንስ ስፕራይ እ.ኤ.አ. በ1961 ወጣ፤ እሱ ራሱ ግን በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚያብበው። ቆንጆ ናቸው፣ አልክድም። ግን ብዙ የአበባ ቅጠል የታጨቀበት አበባ በብርድና በዝናብ ሰሞን ሳይከፈት ይቀራል። የውጪዎቹ ቅጠሎች በውሃ ተጣብቀው ይደርቁና ውስጡ እዚያው ይበሰብሳል። በሽታውን የሚችል እንኳ ብታገኚ ሐምሌ ላይ የምታዪው ቡናማ እምቡጥ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እኔ ብሆን ድርብነቱን ትንሽ ቀነስ አድርጌ በዘለላ የሚያብቡትን እመርጣለሁ። ቦኒካ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ከፈረንሳዮቹ ጽጌረዳ አዳቃዮች ከሜያን ቤት የወጣው፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ አንድ ሜትር አካባቢ ደርሶ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ጠንካራ ነው፣ ሽታው ግን ቀላል ነው። ዘ ፌሪ ከእሱ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ያለ፣ አበባው ትንንሽ፣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። አይስበርግ ነጭ ነው፤ የጀርመኖቹ የኮርደስ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. 1958። እሾሁ ጥቂት ስለሆነ ልጆች ላሉበት ግቢ ደስ ይላል፣ ክረምት ላይ ግን ጥቁር ነጠብጣቡ አይምረውም። ኖክአውትን ዊልያም ራድለር የሚባል አሜሪካዊ ለዚህ በሽታ ብሎ ነው ያዳቀለው፤ ጤናው የሚያስቀና ነው፣ ግን አይሸትም፣ መልኩም ለእኔ ለአስፋልት መሃል እንጂ ለበረንዳ አይሆንም።

ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ጋሊካ፣ አልባ ምናምን እያሉ የሚያሳዩሽን የድሮ የአውሮፓ ዘሮች ተያቸው። በረዶ ባለበት አገር ተኝተው የሚነሱ ናቸው። ያ ብርድ እኛ ጋ ስለሌለ ቅጠል ብቻ ሆነው ሊቀሩብሽ ይችላሉ። ከድሮዎቹ እኛን የሚስማሙን የቻይናዎቹ ናቸው፣ ለምሳሌ ኦልድ ብላሽ። ዛሬ ደጋግመው የሚያብቡት ጽጌረዳዎች ያንን ጠባይ የወረሱት ከቻይናዎቹ ነው፣ እንቅልፍ አይፈልጉም።

እናት ዓለም (የካ አባዶ)

ልጄ፣ የሆለታው ልጅ የጻፈልሽ እውነት ነው፣ ግን ያንን ሁሉ የፈረንጅ ስም ይዘሽ ችግኝ ሻጭ ጋ ብትሄጂ "ቀዩን ነው ነጩን?" ነው የሚልሽ። አትድከሚ።

እኔ የምልሽን ስሚ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ሁሉን ካጠበ በኋላ፣ እሁድ ዕለት በሰፈርሽና በድሮው ለገጣፎ በኩል በእግርሽ ዞር ዞር በዪ። በየአጥሩ ጽጌረዳ ታያለሽ። አበባውን አትዪ! ወደ ታች እዪ። አብዛኛው እግሩ ድረስ ራቁቱን ነው፣ ጫፉ ላይ ብቻ ሦስት አራት ቅጠል ይዞ የቆመ። ከዚያ መሃል አንዱ እስከ ታች ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ታገኚዋለሽ። በሩን አንኳኪ። "መድኃኒት ትረጩበታላችሁ?" በዪ። "ኧረ ማን ረጭቶት፣ እማዬ የተከለችው ነው" ካሉሽ እሱ ነው ያንቺ። ክረምቱን እዚያው ቆሞ ተፈትኗል፣ የአንቺን ዝናብ ነው የጠጣው። ጠጋ ብለሽ አሽቺው፣ ደስ ካለሽ ቁራጭ ለምኚ። ለአበባ ቁራጭ እምቢ የሚል ሰው እኔ አላየሁም፣ ይልቅ "ግቢና ቡና ጠጪ" ይሉሻል።

አበባው ገና የረገፈበትን ዘንግ ነው የምትወስጂው፣ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለውን። አንድ ስንዝር አድርገሽ ቁረጪው፣ ከታች በኩል ከአንጓው ሥር። ላይ ሁለት ቅጠል ተዪለት፣ የቀረውን አንሺ። ግማሹ አፈር ውስጥ ይግባ። ድስት ወይም የተቀደደ ጀሪካን ይበቃል፣ ከታች ብሺው። ሃይላንድ ቂጡን ቆርጠሽ ድፊበት፣ ክዳኑን ክፈቺለት፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጪው። አራት አምስት ቁራጭ ትከዪ፣ ሁሉም አይጸድቅም። ከወር እስከ ሁለት ወር ሥር ይሰዳል። እየነቀልሽ "ሥር አወጣ ወይ" እያልሽ አታስቸግሪው። መጀመሪያ የሚወጣውን እምቡጥ ቆርጠሽ ጣዪው፣ አቅሙን ለሥሩ ያውለው።

ዶማ (ቱሉ ዲምቱ)

እናታችን ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም፣ አፈሩ ላይ ግን አለኝ፣ ምክንያቱም ማንም አላነሳውም። ሰኔ ላይ ጥቁር አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረሽ ጽጌረዳ እንዳትተክዪ! "ዝናቡ ነፃ ውሃ ነው" የሚለው ምክር ለቀይ አፈር ነው፣ እንጦጦ ሥር ላሉት። ጥቁሩ አፈር ውሃ አያሳልፍም። ጉድጓዱን በጥሩ አፈርና በፍግ ሞልተሽ ስትተክዪ ከዙሪያው ያለው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰብና ይተኛል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ከላይ ሲታይ የደረቀ ይመስላል፣ ሰው ውሃ ያነሰው መስሎት ይጨምርበታል። አሸዋ ቀላቅይበት የሚሉሽም አሉ። ሁለት ባሬላ አሸዋ ጥቁር አፈርን አይለውጠውም፣ ገንዘብሽን ነው የምትጥዪው።

ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ሂጂ። በብሎኬት አንድ መደብ ሥሪ፣ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ ስፋቱ ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር። ሲሚንቶ አያስፈልገውም፣ ብሎኬቱን መደርደር ብቻ፣ ውሃ በመሃሉ ይውጣ። ከሥር ያለውን ጥቁር አፈር በዶማ ነካ ነካ አድርገሽ አላሊው። ከዚያ ቀይ አፈርና የበሰለ ፍግ ሙዪበት፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ፍግ። የበሰለ ያልኩት ሽታው የጠፋውን ነው። ትኩስ የዶሮ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ይህን አሁን ግንቦት ላይ ብትሠሪው ክረምቱን ይረጋል፣ መስከረም ላይ ትንሽ አፈር ጨምረሽበት ትተክያለሽ። የተገዛ ችግኝ ከሆነ መስከረም መጀመሪያ። የእናት ዓለም ቁራጭ ከሆነ ደግሞ ሥሩን እስኪይዝ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ይሆናል፤ ያኔ ዝናብ ስለሌለ የመጀመሪያውን በጋ ውሃ ሳታጓድዪ ማጠጣት አለብሽ።

የት ጋ ላልሽው፦ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት። በቀን ለስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ያስፈልገዋል፣ ግን የጠዋቷ ከከሰዓቷ ትበልጣለች፣ ጤዛውን ቶሎ ታደርቃለች። ከአጥሩ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ራቂ፣ ነፋስ በጀርባው ይዙር። ከጣሪያው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ በቀጥታ የሚወርድበት ቦታ አይሁን።

ውሃ፦ በየቀኑ ቅጠሉን እርጥብ ከማድረግ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ግማሽ ጀሪካን ሥሩ ላይ ቀስ ብለሽ አፍስሺ። ከላይ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዢበት፣ ብዙ ውሃ ያድንልሻል። ጭዱ ግንዱን አይንካ።

የሱሉልታው

ሁላችሁም የፈረንጅ አበባ ታወራላችሁ፣ የራሳችን ቀጋ እያለ። ከሱሉልታ ጀምሮ በደጋው ሁሉ በየአጥሩና በየገደሉ ማንም ሳይነካው ይኖራል። ነጭ ነው፣ ነጠላ ነው፣ ይሸታል፣ ፍሬው ይበላል፣ ልጅ ሆነን ስንለቅም ነው ያደግነው። ውርጭ አይነካው፣ ጥቁር አፈር አይነካው። ብዙ የማያስቸግር ብሎ ነገር ይሄ ነው። ደግሞ ጽጌረዳና እኛ የትናንት ትውውቅ አይደለንም። ትግራይ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ የሚተከል ፈዘዝ ያለ ሮዝ ጽጌረዳ አለ፤ ፈረንሳዊው የዕፅዋት አጥኚ አቺል ሪሻር በ19ኛው ክፍለ ዘመን "ቅድስቲቱ" የሚል የላቲን ስም ሰጥቶታል።

ቅጠል ቆጣሪ (ሆለታ)

ወንድሜ፣ ቀጋን እኔም እወደዋለሁ። ግን ሁለት በሦስት ሜትር! ቀጋ ያገኘው ላይ እየተንጠላጠለ ብዙ ሜትር ይሄዳል፣ እሾሁ ቆልማማ ነው፣ አንዴ ልብስ ከያዘ አይለቅም። መኪና በሚገባበት በር ላይ፣ ልጆች ባሉበት? ሰፊ ቦታ ላለው፣ አጥር ለሚያጥር ከሱ የተሻለ የለም። የትግራዩም በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚያብበው። እሷ የምትፈልገው ደጋግሞ የሚያብብ ነው።

ጀማሪዋ (ለገጣፎ)

እንዴት ደስ እንዳላችሁኝ! እማማ እናት ዓለም፣ የነገሩኝን አደርጋለሁ፣ ነሐሴን እጠብቃለሁ። ባሌ ብሎኬት ተርፎን እንደነበር አስታወሰኝ፣ መደቡ በዚህ ሳምንት ይሠራል።

የቀሩኝ ጥያቄዎች አሉ። ስንት እግር ልትከል? መቼ ነው የሚቆረጠው? ያየሁት ቪዲዮ የካቲት ላይ ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡት ይላል፣ ፈራሁ። የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ይሆናል? የቡና አተላስ? ካልረጨሁ ደግሞ ክሽክሹን፣ ያን ትንንሽ ተባይ፣ ምን ላድርገው? እናቴ ግቢ ያለው ሁልጊዜ ለጋው ላይ ክሽክሽ ነው።

ቅጠል ቆጣሪ (ሆለታ)

ቪዲዮውን ተዪው። የካቲት ላይ የሚቆርጡት በረዶ ያለባቸው አገሮች ናቸው። ተክሉ ተኝቶ ሊነቃ ሲል ነው የሚደርሱበት። የእኛ አይተኛም። በየካቲት ፀሐይ እስከ መሬት ብታወርጂው ደረቅ ወቅት ላይ ቅጠል አሳጥተሽ ታዳክሚዋለሽ። የእኛ ዋናው መቁረጫ ዝናቡ እንደወጣ፣ ጥቅምት ላይ ነው። የሞተውን፣ የታመመውን፣ ወደ ውስጥ የሚያድገውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን አውጪ። ከቀረው ቁመት አንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሺ፣ አበቃ። ቁጥቋጦ ጽጌረዳ ሚሊሜትር አይለካበትም። የመጀመሪያውን ዓመት ጭራሽ አትንኪው፣ የረገፈ አበባ ብቻ ልቀሚለት።

ከተቆረጠ በኋላ ለማበብ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስድበታል፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ ለገና ቤትሽ እንዲያብብ የምትፈልጊ ከሆነ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ቀለል አድርገሽ ከርክሚው። እርሻ ላይ የፍቅረኞች ቀንን የምናሰላው በዚሁ ሒሳብ ነበር።

ክሽክሽ በማዳበሪያ ብዛት ይመጣል። ዩሪያ የበዛለት ተክል ለስላሳ ለጋ ያወጣል፣ ክሽክሽ ደግሞ የሚወደው እሱን ነው። ፍግ በዓመት ሁለቴ ይበቃዋል። ክሽክሹ ሲመጣ ጠዋት በውሃ እጠቢው፣ በጣትሽ ጥረጊው። ካልረጨሽ ቀይዋ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ራሷ መጥታ ትበላልሻለች፤ መድኃኒቱ እሷንም ስለሚገድል ነው ሰው በየሳምንቱ የሚረጨው። በጋ ላይ ደግሞ ቅጠሉ አመድማ ሆኖ ከሥሩ ቀጭን ድር ካየሽ ቀይ ሸረሪት የሚሉት ደቃቅ ተባይ ነው። ደረቅና አቧራማ ነገር ይወዳል። ያኔ ብቻ ቅጠሉን ከሥር በኩል በውሃ እጠቢው፣ ጠዋት ላይ።

ክረምት ላይ የረገፈ ቅጠል መደቡ ላይ አይተኛ። በሽታው የሚከርመው እዚያ ነው። እሱን መልቀም ከማንኛውም መድኃኒት ይሻላል።

ዶማ (ቱሉ ዲምቱ)

አንድ እግር! በሁለት በሦስት ሜትር አንድ ጥሩ ቁጥቋጦ ነው የሚበቃው። ሦስት ብትተክዪ በሁለት ዓመት ተጠላልፈው ነፋስ አያገኙም፣ ያ ሁሉ የቅጠል መድረቅ ወሬ ከንቱ ይሆናል። ባዶ ቦታው ካስጠላሽ ጤና አዳም ወይም በሶብላ ዙሪያውን ትከዪ፣ አጫጭር ናቸው።

የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ይሆናል፣ ግን የማለቅለቂያውን። በረኪና የነካውን፣ ጨው ያለበትን የፓስታ ውሃ፣ ዘይት ያለበትን አይሆንም። አንዴ እሱን ካጠጣሽ በሚቀጥለው ንጹህ ውሃ ይሁን። የቡና አተላ ወፈር አድርገሽ ብታነጥፊው ይጋገርና ውሃ አያስገባም። ከፍጉ ጋር ቀላቅይው ወይም ሳሳ አድርገሽ በትኚው።

ጀማሪዋ (ለገጣፎ)

እሺ፣ አንድ ይሁን። ግን አምስት ቁራጭ ተክዬ አምስቱም ቢጸድቁስ?

እናት ዓለም (የካ አባዶ)

አምስቱም ከጸደቁ አንዷን ለራስሽ፣ አንዷን ቁራጩን ለሰጠችሽ ሴት መልሰሽ ውሰጂላት፣ አሮጌው ቢሞትባት ይተካላታል። የቀሩትን ለጎረቤት። እሾሁን በተመለከተ፣ በሩ በሚከፈትበት በኩል ያለውን ዘንግ ብቻ ቁረጪ፣ ልጆቹ ሌላውን አንዴ ሲነኩት ይማራሉ። ደግሞ የወር አስቤዛ ስትገዢ ወፍራም የእጅ ጓንት ጨምሪበት።